ከደጅ እስከ ገበታ

ደሴ ሳድግ፣ እንደ እኔ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ከቤቱ ውጭ ምግብ የሚያገኝበት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበር። ንግሥ ወይም ተዝካር በሆነ ቀን ነዳያን በአጥሩ ጥግ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ እንጀራው በየተራ ይታደላል፤ ወጡ ላዩ ላይ ጣል ይደረግበታል። ዳሱ ውስጥ ደግሞ ለዘመድና ለጎረቤት ሌላ ገበታ ተዘርግቷል። ወጡ የወጣው ከአንድ ድስት ነው፤ የሚበላበት ቦታ ግን ሁለት ነው። እናቴ እኔን ደጅ የማትሰድ፣ ስለ እኔ ስለት የምትሳል ሴት ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ግን ምሳዬ የሚቀርብልኝ ጓዳ ነበር። ክፉ ያሰበ አልነበረም። እግሬን ያየ እንግዳ "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ እንዳይጠይቅ፣ እኔም እንዳላፍር ተብሎ ነው።

ስለዚህ ሀገሬ አካል ጉዳተኛን አስርባለች የሚል ክስ የለኝም። አብልታለች፤ ለነፍስ ይሆናል ብላ ሳትሰስት አብልታለች። የነፈገችን ቦታውን ነው። ምጽዋት የሚቀበል ሰው የሚበላውን አይመርጥም፤ ቀዘቀዘ፣ ጨው በዛ አይልም፤ ከማን ጋር እንደሚቀመጥም አይወስንም። ምግብ ቤት የገባ ሰው ግን ይመርጣል፣ ያዛል፣ ካልጣመው ይመልሳል፣ ከፍሎ ይወጣል። አካል ጉዳተኛ ሬስቶራንት ገብቶ መብላቱ ከምቾት የበለጠ ጉዳይ የሚሆንብኝ በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መብት እንዴት እንደተገኘ፣ ማን እንደታገለለት፣ ከእኛ ገበታ ጋርስ የት ላይ እንደሚገናኝ ማወቅ ይገባናል እላለሁ። ዕድሜዬን በገፋሁባት በዋሽንግተን ያየሁትንና የተማርኩትን ልጽፈው።

በገንዘብ መብላት እኛ ዘንድ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሥራ ሲጀምር፣ መኳንንቱ ለምግብ ሒሳብ መክፈልን እንደ ነውር ቆጥረውት እንደነበር፣ አፄ ምኒልክም ራሳቸው በልተውና ከፍለው እንዳስለመዷቸው ሲተረክ ኖሯል። በቤቱ ግብር ለሚያበላ መኮንን ለእንጀራ መክፈል ውርደት ነው። ደጅ ሲበላ ለኖረ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በገዛ ገንዘብ ማዘዝ ማዕረግ ነው። መናገሻ በሚገኘው የቼሻየር ቤት የእግር ብረት ተሠርቶልኝ በክራንች መሄድ ከለመድኩ በኋላ፣ በራሴ ሳንቲም መጀመሪያ ያዘዝኩት ሻይና ፓስቲ ነበር። ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አስተናጋጁ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "ምን ልታዘዝ?" አለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ወደ አሜሪካው ታሪክ ልለፍ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የአሜሪካ ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እዚህ ሀገር ትናንት የደረሰ ሰው፣ በየሕንፃው ራምፕና ሰፊ በር ሲያይ ከጥንት የነበረ ይመስለዋል። የጥንቱ ግን ሌላ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በ1867፣ ቺካጎ በ1881 ያወጡት የከተማ ደንብ፣ አካሉ የጎደለ ወይም መልኩ "ለዓይን የሚከብድ" ሰው በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክል ነበር። የቺካጎው ቅጣት አንድ ዶላር ነበር። ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ደንብ ነበራቸው። ደንቡ በዋናነት ያነጣጠረው መንገድ ዳር በሚለምኑ ላይ ነው፤ ቤት ያለው ቤቱ ይደበቅ፣ ቤት የሌለው ወደ ድኩማን መጠለያ ይግባ ማለት ነው። ቺካጎ ይህን ደንብ የሻረችው በ1974 ነው። የእኛ አብዮት የፈነዳው በዚያው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሰሜን ካሮላይና ጥቁር ተማሪዎች በየካቲት 1960 ግሪንስቦሮ ከተማ የምሳ ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው "አስተናግዱን" ካሉ በኋላ የተቀጣጠለው ትግል፣ በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሆኖ ጸደቀ። በዚያ ሕግ ምግብ ቤት በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ ሀገር ምክንያት ሰው መመለስ አይችልም ተባለ። አካል ጉዳት ግን በሕጉ ውስጥ አልተጻፈም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል "ደንበኞቼ አንተን ሲያዩ ምግብ አይበላላቸውም" ያለ ባለቤት በፌዴራል ሕግ የሚጠየቅበት ምክንያት አልነበረም። ብዙውን ጊዜም መናገር አላስፈለገውም፤ የበሩ ደረጃ ይናገርለት ነበር።

ለውጡ የተጀመረው ከመለኪያ ነው። በ1961 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኑጀንት ዋና ተዋናይ የሆነበት የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕንፃ ተደራሽነት መለኪያ ወጣ፤ ጥቂት ገጽ ብቻ ያለው ሰነድ ነበር። በ1968 በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ የሚያዝ ሕግ ጸደቀ። በዋሽንግተን የዚህ ሕግ ፍሬ የታየው ሜትሮ ላይ ነው። ባቡሩ በ1976 ሥራ ሲጀምር ጋለሪ ፕሌስ የተባለው ጣቢያ አሳንሰሩ አልተጠናቀቀም ነበርና፣ ፍርድ ቤት እንዳይከፈት አዘዘ፤ ባቡሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሳይቆም ያልፈው ነበር። ዛሬ በዚያ ሰፈር ራት ለመብላት በሊፍት ስወጣ፣ አንድ ጣቢያ በእኔ ቢጤዎች ክርክር ለወራት ተዘግቶ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የ1977ቱ ታሪክ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። በ1973 የወጣው የመልሶ ማቋቋም ሕግ አንቀጽ 504፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት አካል ጉዳተኛን እንዳያገል ይከለክላል። ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ለዓመታት ሳይፈረም ቆየ። ሚያዝያ 5 ቀን 1977 አካል ጉዳተኞች በየከተማው ያሉትን የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ቢሮዎች ገብተው ተቀመጡ። በዋሽንግተን ምግብ እንዳይገባላቸው ስለተከለከለ ከአንድ ቀን ብዙም ሳይዘልቁ ወጡ። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ጁዲ ሂዩማን ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች፤ በሕፃንነቷ በፖሊዮ የተያዘች፣ አምስት ዓመቷ ላይ ዊልቸሯ "ለእሳት አደጋ ያጋልጣል" ተብሎ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ሴት ናት።

የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ያን ያህል እንዲቆዩ ያስቻላቸው ትኩስ ምግብ ነው። ብራድሊ ሎማክስ የተባለ፣ የጥቁሮች የትግል ድርጅት የሆነው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል፣ ራሱ በነርቭ ሕመም ምክንያት ዊልቸር ተጠቃሚ ነበርና ከተቀማጮቹ አንዱ ሆነ። ጓዶቹ ከኦክላንድ ድልድዩን እየተሻገሩ በየዕለቱ ራት ያመጡላቸው ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን ሚኒስትሩ ጆሴፍ ካሊፋኖ ደንቡን ፈረሙ። ይህን ታሪክ ስሰማ የሚገርመኝ ምግቡ የተሰጠበት መንገድ ነው። ያመጡት ሰዎች ለነፍሳቸው ብለው አላመጡትም፤ እኩል ትግል ላይ ላለ ጓድ ስንቅ ማድረሳቸው ነው። በልቶ የጠነከረውም ደጅ አልተመለሰም፤ ደንብ አስፈረመ።

አንቀጽ 504 ግን መንግሥት ገንዘብ ለሚሰጠው ተቋም እንጂ ለግል ምግብ ቤት አልነበረም። የእኛ ሰዎች ወደ ሬስቶራንት ንግድ የገቡት ደግሞ በዚሁ ዘመን ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለትን የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በየነ ጉልላት በ1966 ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ላይ ከፈተ። በዋሽንግተን በ1978 ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት ጆርጂያ ጎዳና ላይ ተከፈተ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ሕዝባችን ሲበዛ፣ አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ ሬድ ሲ፣ መስከረምና ሌሎችም በተርታ ብቅ አሉ። ለስደተኛ እነዚህ ቤቶች ከምግብ ቤት በላይ ነበሩ። ሥራ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ክፍል የሚከራይ የሚታወቀው እዚያ ነው፤ መርዶ የሚሰማውም፣ ከሀገር ቤት የመጣ ደብዳቤ የሚደርሰውም እዚያ ነው። እዚያ መግባት ያልቻለ ሰው ያጣው ወጥ ብቻ አልነበረም።

አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ሬስቶራንት የሆኑት ብዙዎቹ ቤቶች ለመኖሪያ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ አሮጌ የጡብ ቤቶች ናቸው። ከእግረኛ መንገዱ ወይ አምስት ስድስት ደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወይ ጥቂት ደረጃ ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ፓርኪንግ ካሸር ነበርኩ፤ ሁለት ክራንችና የግራ እግር ብረት ነበረኝ። ደረጃ ስወጣ ሁለቱንም ክራንች በአንድ እጄ ሰብስቤ ይዤ፣ በሌላኛው የብረት መደገፊያውን ጨብጬ ሰውነቴን ወደ ላይ እጎትታለሁ። መደገፊያ ከሌለ ግድግዳ ተደግፌ ነው። በክረምት ለበረዶው የተበተነው ጨው ከክራንቹ ጎማ ሥር ያንሸራትታል። ከውስጥ የጥላሁን ዘፈን ይሰማል፤ የቅቤው ሽታ ይመጣል፤ እኔ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ፖሊዮ የነካው ጡንቻ ዕድሜ ሲጨመርበት እንደገና ስለሚደክም፣ ዊልቸር ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ደግሞ ሸክም መጣ። "አይዞህ ጋሼ፣ ብድግ እናደርግሃለን!" ይላሉ ጎረምሶቹ። ፍቅራቸው እውነት ነው፤ አልጠራጠረውም። ሁለቱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከፊት ይይዙና ከፍ ያደርጉሃል፤ ጎማው በአየር ላይ ይሽከረከራል፤ ያለው ሰው ሁሉ ሹካም እንጀራም አቁሞ ያይሃል። ከገባህ በኋላ ደግሞ መውጣት የምትችለው ተሸካሚዎችህ ሲፈልጉ ነው። ሰዓቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አራተኛውን ቢራ ከጠጡ ደግሞ ነፍስህን በእጃቸው ትሰጣለህ። ተሸክመው ያስገቡት ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ዕቃ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን "ዛሬ አልተመቸኝም" ማለት ለመድን፤ ጋባዦቻችንም ቀስ በቀስ መጋበዝ አቆሙ።

የግል ምግብ ቤትን በር በሕግ ያስከፈተው የ1990ው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ነው። መጋቢት 12 ቀን 1990 ብዙ ሰዎች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ጥለው የምክር ቤቱን ሕንፃ፣ የካፒቶልን፣ ደረጃ በእንብርክክና በክንዳቸው ወጡ፤ ከመካከላቸው ጄኒፈር ኪላን የተባለች የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ደረጃ ምን እንደሆነ ለሕግ አውጪዎች በቃል ከመንገር በሰውነት ማሳየቱ በለጠ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው፣ ሐምሌ 26 ቀን በዋይት ሐውስ ግቢ ሕጉን ፈረሙ።

ከመፈረሙ በፊት ግን ሕጉን ሊያሰናክለው የደረሰ አንድ ክርክር ነበር፤ እሱም የተነሣው ስለ ምግብ ቤት ነው። የቴክሳሱ እንደራሴ ጂም ቻፕማን፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን ሠራተኛ አሠሪው ምግብ ከሚነካበት ሥራ እንዲያነሣው የሚፈቅድ ማሻሻያ አቀረበ። የሬስቶራንት ባለቤቶች ማኅበርም ደገፈው። ቫይረሱ በምግብ እንደማይተላለፍ ሳይንሱ ያውቅ ነበር፤ የተፈራው የደንበኛው ፍርሃት ነው። የምክር ቤቱ አባላት አጽድቀውት የነበረው ማሻሻያ በመጨረሻ ወጥቶ፣ በምግብ የሚተላለፉ በሽታዎችን ዝርዝር የጤና ባለሥልጣን ያውጣ በሚል ተተካ። "ደንበኛ ይሸሽብኛል" የሚለው የድሮ ምክንያት ከሕግ የወጣው እንዲህ ነው። የእኛ ማኅበረሰብም በዚያው ዘመን ከኤችአይቪ ሕሙማን ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ይፈራ ነበርና፣ ይህ ታሪክ የእኛም ነው።

ሕጉ ሬስቶራንትን በስም ጠቅሶ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ቤቶች ውስጥ ቆጠረው። የግል ንግድ ቤቶችን የሚመለከተው ክፍል ከጥር 26 ቀን 1992 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ የሚከፈት አዲስ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ተደራሽ ሆኖ መሠራት አለበት፤ አሮጌው ደግሞ ያለ ከባድ ችግርና ወጪ ሊነሣ የሚችለውን እንቅፋት ያነሣል። ልኮቹ ግልጽ ናቸው። ራምፕ አንድ ኢንች ከፍ ለማለት አሥራ ሁለት ኢንች ርዝመት ይፈልጋል። ይህ ማለት ሰባት ኢንች የሆነች አንዲት ደረጃ ከሁለት ሜትር በላይ ራምፕ ትፈልጋለች፤ አምስት ደረጃ ደግሞ ከአሥር ሜትር በላይ። የ18ኛው መንገድ ቤቶች ፊት ለፊት ይህን የሚያህል ቦታ የለም። በሩ ሲከፈት ቢያንስ 32 ኢንች፣ በጠረጴዛዎች መካከል ያለው መተላለፊያ 36 ኢንች ይሁን ይላል። መመገቢያው ከወለል ከ28 እስከ 34 ኢንች ከፍ ይበል፤ ከሥሩም 27 ኢንች የጉልበት ቦታ ይኑረው፤ ከመቀመጫዎቹ 5 በመቶው እንዲህ ይሁኑ ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች ከእኛ ገበታ ጋር የሚጋጩት መሶቡ ላይ ነው። መሶብ ከላይ ሰፊ ነው፤ ወገቡ ላይ ይጠባል፤ እግሩ ጋ መልሶ ይሰፋል። ዙሪያውን እስከ መሬት የተሰፋ ስለሆነ ጉልበት የሚገባበት ክፍተት የለውም። ቁመቱም የተመጠነው ለበርጩማ ነው። በዊልቸር ስትጠጋው መጀመሪያ የእግር ማሳረፊያህ ይነካዋል፤ ወደ ጎን ዞረህ ልጠጋ ስትል ጎማህ ይከለክልሃል። በአንተና በእንጀራው መካከል የክንድ ርቀት ይቀራል። የቆረስከውን ጠቅልለህ ወደ አፍህ እስክታደርስ ወጡ ጭንህ ላይ ይንጠባጠባል፤ የክት ሱሪህ በቀይ ወጥ ይበላሻል። ወገቡ ሚዛን የማይጠብቅለት ሰው ደግሞ ጎንበስ ሲል በፊቱ ሊደፋ ይችላል። መሶቡን እወደዋለሁ፤ ማንም እንዲጥለው አልጠይቅም። በጎኑ ግን እግሮቹ በአራቱ ማዕዘን ያሉ ጠረጴዛና አንድ ትሪ ይበቃል። መካከል ላይ ወፍራም ምሰሶና ሰፊ ብረት ያለው ጠረጴዛ ግን ያው መሶብ ነው።

የእጅ መታጠቡ ነገር ደግሞ ከሁሉ ያሳዝነኛል፤ የነበረንን ጥለን ነውና። በአባቶቻችን ቤት ውኃ ወደ እንግዳው ይመጣ ነበር። ልጅ ማስታጠቢያውን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዞ፣ ፎጣ ክንዱ ላይ አድርጎ ዝቅ ይላል፤ ሽማግሌ ከመቀመጫው አይነሣም፤ ልጅ ያቀፈች እናት አትነሣም። እግሩ የማይሄድለትም ሆነ የሚሄድለት በእኩል ተቀምጦ ይታጠባል። ሬስቶራንት ሲመጣ ውኃው ቆመና ሰው ወደ ቧንቧው እንዲሄድ ተደረገ። ቧንቧው ከመጸዳጃው ጋር ነው፤ መጸዳጃው ደግሞ በብዙ ቤት ምድር ቤት ነው። በእጅ ለሚበላ ሕዝብ መታጠቢያ ያልደረሰበት ሰው ገበታ ላይ ደርሷል ማለት አይቻልም።

መጸዳጃውም ከዚሁ ጋር ነው። ከቤቴ ወጥቼ ልበላ ባሰብኩ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልጠጣም፤ ይህን የማያደርግ ዊልቸር ተጠቃሚ በቅርብ አላውቅም። ጠጅ ይቀርባል፣ አንድ ጊዜ እጎነጫለሁ። ቡና ይፈላል፤ አቦሉን እቀምሳለሁ፣ ቶናውን እመልሳለሁ፣ በረካ ላይ አልደርስም። ባለቤቷ "ቡናዬ ቀጠነ እንዴ?" ትላለች፤ እንዴት ብዬ ምክንያቱን ሰው ፊት እነግራታለሁ? ሕግ ያዘዘው ሰፊ መጸዳጃ ባለበት ቤትም ቢሆን፣ ብዙ ጊዜ በሩን ስከፍት የቢራ ካርቶንና የሕፃናት ወንበር ተከምሮበት አገኘዋለሁ። ቦታው ተሠርቷል፤ ሰው ይመጣል ብሎ የጠበቀ ግን የለም።

ዊልቸር የምጠቀም በመሆኔ ስለ ደረጃ አበዛሁ እንጂ በሩ ለሌሎችም ሌላ መልክ አለው። ዓይነ ስውር ሰው በሕጉ መሠረት ምናሌው በብሬል ባይኖርም አስተናጋጁ እንዲያነብለት ይጠይቃል፤ በስልክ የሚነበበው አዲሱ ምናሌም ጽሑፍ ከሆነ ስልኩ ያነብለታል፤ ፎቶ ብቻ ከሆነ ግን ባዶ ገጽ ነው። የሚመራውን ውሻ ማንም ሊመልስበት አይችልም፤ ይህን እኛ ዘንድ ማስረዳት ጊዜ ወስዷል። ዋሽንግተን ደግሞ ከ1864 ጀምሮ ለመስማት የተሳናቸው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሆነው የጋሎዴት መገኛ ናት። በአጠገቡ ባለው ኤች መንገድ ላይ የሚሠሩ አንዳንድ አስተናጋጆች ጥቂት የምልክት ቋንቋ ያውቃሉ። በምልክት የሚነጋገሩ ሰዎች ክብ ገበታና ብሩህ መብራት ይወዳሉ፤ ሁሉም የሁሉንም እጅ ያያልና። ለእነሱ መሶባችን ተስማሚ ነው።

አንድ ነገር ግን ከእኛ ገበታ ሌላው ዓለም ሊማረው ይገባል፤ ጉርሻን ማለቴ ነው። እጆቹ የማይታዘዙለት አሜሪካዊ ወዳጅ አለኝ፤ ሲበላ ረዳቱ ታጎርሰዋለች። በሌላ ሬስቶራንት ሰዎች አይተው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ወይም ሕፃን እንደሚያዩ ያዝኑለታል። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ሲገባ ግን በየጠረጴዛው ሰው ሰውን ያጎርሳል። ባል ሚስቱን፣ አክስት የእኅቷን ልጅ፣ ጓደኛ ጓደኛውን። እሱን ማን ይለየዋል? አንድ ምሽት የአጠገባችን ጠረጴዛ ላይ የነበሩ እናት ተነሥተው "በሞቴ!" ብለው ክትፎ አጎረሱት፤ እሱም ትርጉሙን ሳይጠይቅ አፉን ከፈተ። ከሬስቶራንት ሁሉ እኛን የሚመርጠው ለዚህ ነው። ጉርሻ ሰውን በሰው እጅ መብላት እንዳያሳፍረው ያደረገ ልማድ ነው፤ ይህን ያህል ነገር ያለን ሰዎች በራችን ላይ ደረጃ መተዋችን ይቆጨኛል።

ባለፉት ዓመታት ከኪራይና ከመኪና ማቆሚያ ችግር የተነሣ ብዙ ሬስቶራንቶቻችን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ አሌክሳንድሪያና ወደ ፎልስ ቸርች ወጡ። ቤቶቹ ፓርኪንግ ፊት ለፊት ያሉ፣ ከመሬት እኩል የሆኑ የገበያ ሱቆች ናቸው። እኔ መጀመሪያ ያለ ሸክም ገብቼ፣ ራሴ ቦታ መርጬ፣ በፈለግኩት ሰዓት የወጣሁት ከእነዚህ በአንዱ ነው። ለእኛ ታስቦ አልተደረገም፤ ግን ደረሰን። ታስቦ ቢደረግ ምን ያህል ይደርሰን ነበር?

ሀገር ቤትም ሕጉ አለ። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙትም ጭምር፣ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃውም እንዲደርሳቸው አዟል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። አዲስ አበባ ስሄድ ራምፕ በየቦታው አያለሁ፤ ብዙው ግን ሽቅብ የሚያስቸግር፣ በሚያንሸራትት ሴራሚክ የተነጠፈ ነው። አንድ ካፌ የራምፑ አፍ ላይ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮ አገኘሁ። ጥበቃው ማሰሮዎቹን እያነሣ "አባቴ፣ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ነው" አለኝ። የሚመጣ የሌለው ማሰሮው ስላለ ነው አልኩት፤ ሳቀ፤ እኔም ማሰሮዎቹን መልሶ ሳያስቀምጣቸው ገባሁ።

በአሜሪካ ያላችሁ የሬስቶራንት ባለቤቶች ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወጪው እንደምትፈሩት አይደለም። ዓመታዊ ገቢው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ያልበለጠ ወይም የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው ከ30 ያልበለጠ ንግድ፣ ለተደራሽነት ካወጣው ከ250 እስከ 10,250 ዶላር ውስጥ ግማሹን፣ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ፣ በየዓመቱ ከግብሩ ይቀንሳል። ሒሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቁት። ስልክ ደውለን "ደረጃ አለ?" ስንል "አንዲት ትንሽ ናት" አትበሉን፤ ለጎማ አንዲት ደረጃ ግድግዳ ናት። ቁጥሩን ንገሩን። ካርቶኑን ከመጸዳጃው አውጡ። አንድ ጠረጴዛ መሬቱ እኩል የሆነበት ቦታ፣ ከሰው መሐል አስቀምጡ፤ ጥግ አይሁን። ማስታጠቢያውን ደግሞ ከዕቃ ቤት አውጡት፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለገባው እንግዳ ሁሉ ውኃ አቅርቡ፤ ያኔ ማንም ተለይቶ አይታይም።

ለአስተናጋጆችም አንድ ቃል አለኝ። አብሮኝ ያለውን ሰው "እሳቸው ምን ይበላሉ?" ብላችሁ አትጠይቁት፤ እኔን ጠይቁኝ። ሒሳቡንም ለእሱ አትስጡት። ኢትዮጵያዊ ገበታ የሚያልቀው በክርክር ነው፤ አንዱ ወረቀቱን ይነጥቃል፣ ሌላው እጁን ይይዛል፣ "እኔ እያለሁ!" ይባላል። የአንቀጽ 504ም፣ የካፒቶሉ ደረጃም፣ የአዋጅ 624ም ትግል በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፅ እንዲኖረን የተደረገ ትግል ነው። የሚያበላን አጥተን አናውቅም። የምንፈልገው ሌላውን የምንጋብዝበት ወንበር ነው።